በሃምሳው የተጾመ ውሃ

ዓርብ ማለዳ እትየ በለጠች ውሃ አልጠጣም አሉ።

«ጾም ነኝ» አሉ፣ ብርጭቆውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው።

ቴዎፍሎስ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ሰባት ዓመት ቡዳፔስት ሲማር ብዙ ነገር ረስቷል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ግን ዓርብ እንኳ እንደማይጾም አልረሳም።

«በሃምሳው ማን ይጾማል እትየ? መሪጌታ ቢሰሙ ምን ይሉዎታል?»

«እሳቸውማ አርፈዋል፤ አይሰሙም። የግሌ ጾም ነው።»

እትየ በለጠች ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ባላቸው መሪጌታ በአገራቸው በበየዳ ብራና ሲፍቁ፣ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረው ያረፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እትየ በየካቲት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ጎንደር ላይ የጠገናቸው ሐኪም ሁለት ነገር አዘዘ፤ ስድስት ወር ቁጢጥ እንዳይሉ፣ ለኩላሊታቸውም ውሃ በብዛት እንዲጠጡ። ቴዎፍሎስ ደባርቅ የተከራየው ቤት ተቀምጠው የሚጠቀሙበት ባለ ሲፎን ሽንት ቤት ስላለው ወደዚያ አመጣቸው። እሳቸው «ወንበሩ» ይሉታል።

ወንበሩ ረቡዕ ተደፈነ። ቧንቧ ሠራተኛው ዳባት ወርዷል፤ በስልክ «ሰኞ» ብሏል። ቴዎፍሎስ ለሽንት የሚሆን ጣሳ ቢያቀርብላቸው «ወንድ ልጅ የአክስቱን ጣሳ አይደፋም» ብለው ከአልጋው ሥር ገፉት። አሁን ደግሞ ጓዛቸው ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«ነገ የበየዳ መኪና አለ» አሉ። «አገሬ እገባለሁ።»

«እዚያ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?»

«እግዜር ያውቃል።»

ያን ጊዜ ገባው። ጾም አልነበረም። መውጣት እንዳያስፈልጋቸው መጠጣት ትተዋል። እሳቸውን ማምጣቱ ራሱ ስሕተት ይሆን? ከቡዳፔስት ከተመለሰ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስለ ሁሉም ነገር ሲጠይቅ ከርሟል፤ ስለ ራሱ መመለስም ጭምር። ጥያቄው ግን ሽንት ቤት አይከፍትም። እጅጌውን ሰበሰበ።

ሽንት ቤት ከፍቶ አያውቅም። ረቡዕ ዕለት ሲፎኑን ደጋግሞ ለቆ ወለሉን አጥለቅልቆታል። ዛሬ ሙቅ ውሃ በኦሞ ደፋበት፤ ጠበቀ፤ ውሃው እዚያው ቆሞ አየው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ወደ ግቢው ወጣ።

«ምን ሆነህ ነው እጅህን እንደ ቀዳሽ ዘርግተህ የምትዞረው?» አለች ወርቄ፣ ከአጥሩ ማዶ። ጎረቤቱ ናት፤ ገበያ ላይ ገብስ ትነግዳለች፤ ምላሷ አያርፍም።

«ሽንት ቤቱ ተደፍኖ ነው። ሠራተኛው ሰኞ ይመጣል።»

«እሱ ዳባት ሰርግ ላይ ነው። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጠይቀኸዋል?»

አጥሩን ዞራ መጣች። የወለል መወልወያውን ጫፍ በፌስታል ጠቀለለች፤ ፌስታሉን ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ በቀደደችው ላስቲክ ጥፍር አድርጋ አሰረችና ሰጠችው።

ቴዎፍሎስ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። ውሃው ተወርውሮ ፊቱ ላይ አረፈ።

«ጥምቀት አልፏል እኮ!» ወርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «አትውጋው! ስታስገባ ቀስ፣ ስትስብ ቶሎ። ሥራው ያለው መሳቡ ላይ ነው።»

እንዳለችው አደረገ። ቀስ፣ ቶሎ። ቀስ፣ ቶሎ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ውሃው ጥቂት ጎደለና ቆመ። የልብስ ማስጫ ሽቦ ቆርጦ ጫፉን ቆለመመና ሰደደው። አንድ ነገር ያዘለት። ሲስበው ጥቁር አረንጓዴ ጉንጉን ወጣ፤ እየተጣጠፈ የገባ ቅጠል። የግራዋ ቅጠል ነበር።

አጥሩ ሥር ያለው ግራዋ ከሥሩ እስከ ሰው ትከሻ ተመልጧል፤ ሰሞኑን አይቶት ፍየል ነው ብሎ አልፎ ነበር። ወዲያው ሶፍቱ ትዝ አለው። በመጡ ዕለት አንድ ጥቅል ሰጥቷቸው፣ በማግሥቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያው ላይ ከዳዊታቸው አጠገብ አገኘው። ለምን ቢላቸው «ወረቀት አይደል?» አሉ። «መሪጌታ የወደቀ ብጣሽ ካገኙ አንስተው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡት ነበር። ባይጻፍበት እንኳ ሊጻፍበት ይችላል ይሉ ነበር።» ነገሩ ደስ ብሎት ሰማና ሄደ። ታዲያ በሶፍት ፈንታ በምን ይጠቀማሉ ብሎ ግን አልጠየቀም።

«ምንድን ነው የወጣው?» አለች ወርቄ ከኋላው።

የእትየ መኝታ መስኮት ክፍት ነው። ጉንጉኑን ቶሎ ባልዲ ውስጥ ከተተ።

«ጨርቅ ነው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔው ነኝ የጣልሁት።»

«ይኸን ሁሉ ተምረህ?»

«ይኸን ሁሉ ተምሬ።»

ሲፎኑን ለቀቀ። ውሃው ትንሽ አመነታና እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ወርቄ እልል አለችና ወደ ገበያዋ ሄደች።

ሶፍት እንደማይጻፍበት ሊያስረዳቸው አሰበ። በወደቀ ወረቀት ላይ ሲረማመድ ስንት ዓመት እንደኖረ አስታወሰና ማን ለማን እንደሚያስረዳ ግራ ገባው። ታጥቦ ወጣ፤ ከግራዋው የእትየ እጅ የማይደርስበትን ለጋ ለጋ ቅጠል ቆርጦ በትንሽ ቅርጫት ከወንበሩ ቀኝ አስቀመጠ። በግራው ክዳን ያለው ባልዲ አኖረ፤ ከታቹ አመድ ነሰነሰበት።

«ወንበሩ ተከፍቷል» አላቸው ገብቶ። «ቅጠል በቅርጫት አለ። ሲጨርሱ ባልዲው ውስጥ ይጣሉት፤ ጉሮሮው ጠባብ ነው።»

እትየ ወደ ክፍቱ መስኮት አዩ።

«ጨርቅ ነው አልሀት?»

«አዎ፣ ጨርቅ።»

«ውሸት በሃምሳውም ኃጢአት ነው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ብርጭቆውን ተቀብለው እስከ ታቹ ጠጡት።

«ጾሙስ?»

«ተፈታ። ድገምልኝ።»

ወደ ማሰሮው ሲሄድ ከኋላው ተጣሩ።

«ስትመለስ ያንን ጓዝ ከበሩ አንሳልኝ። ሰው ያደናቅፋል።»