አንገት ላይ የወጣው ጥለት

ሔራን ደብረ ብርሃን ውስጥ ሻይ ቤት ልትከፍት ስትሰናዳ እኔንና ዳግምን ጠርታ የእናቷን የወጣትነት ፎቶ ኮፒ ለሁለታችንም ሰጠችን። አንኮበር ሳሉ የተነሱት፣ ጥቁርና ነጭ።

«አሮጌ አስመስላችሁ፣ ጨርቅም ወረቀትም ለጣጥፋችሁ ሥሩልኝ። ያማረው ግድግዳዬ ላይ ይሰቀላል» አለች።

«ያማረው» ስትል ያየችው ዳግምን ነው። አይቻለሁ።

እኔ ሰው አልቀርብም። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የማወራው ከድሮ ፎቶ ጋር ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የኔ መሆን ነበረበት። ፎቶውን ኮምፖልሳቶ ላይ ለጠፍኩ፤ ብርዱ ኮላውን አላደርቅ ቢለኝ ፀሐይ በዞረችበት እየዞርኩ አሰጣሁት። ዳር ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ሻይ ቀባሁት፣ ከቤቴ ግድግዳ የላጥኩትን ጋዜጣ ከጀርባዋ አደረግኩ። ፊቷን ግን አልነካሁም። የሔራን ፊት ነው።

በመክፈቻው ጠዋት ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አስደገፍን። የዳግም የበር ያህል ይሰፋል። የዛገ ቆርቆሮ፣ የሻማ ጠብታ፣ የተገሸለጠ ቀለም፤ ፎቶዋ ላይም የእውነት የነጠላ ቁራጭ አልብሷታል። ሔራን በጣቷ ዳሰሰችው። የኔን አልዳሰሰችም።

«ገብርሽ፣ ያንተ በጣም ንጹሕ ነው» አለ ዳግም። «ትላንት የተነሳች አስመሰልካት እኮ!»

ሔራን ሳቀች።

ያኔ ነው ያየሁት። የነጠላው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ላይ ዞሯል። እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። ያችን የመሰለች ልጅ ሐዘንተኛ አድርጓታል! ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እናትየው ራሳቸው ይዩት። ሔራን ፊት ይዋረድ።

እናቷ፣ እትዬ አመተ ማርያም፣ ብዙም ሳይቆዩ መጡ።

«እማዬ፣ ይሄ የዳግም ነው፣ ያ ደግሞ የገብረአብ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ዳግም ሥራ ቀረቡ። ጥለቱን በጣታቸው ነኩት። እኔ ደስ እያለኝ ዳግምን አየሁት።

«ማን ነገረህ፣ አንተ ልጅ?» አሉት።

«ምኑን እትዬ?»

«ወንድሜ በሞተ ሰሞን ነው ይሄን የተነሳሁት። ለትምህርት ቤት ተጠይቄ ግድ ሆኖብኝ። ፎቶ አንሺው ‹ሐዘንሽን ለቤትሽ› አለና ጥለቱን ወደ ታች አስገለበጠኝ። ይሄን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ወንድሜን የካድኩት ይመስለኛል።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዳግም ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ እኮ . . . ጨርቁ አጥሮብኝ ነው እትዬ። ወደ ታች ሳደርገው አንገቷ ጋ አልደርስ አለኝ።»

«ቢሆንስ! አበጀህ፣ የኔ ጌታ። ይሄ እዚህ አይሰቀልም፤ ቤቴ ነው የሚሄደው።»

ሔራን ወደኔ ዞረች። «በቃ፣ ግድግዳው ያንተ ሆነ ገብሬ። መዶሻው መሳቢያው ውስጥ አለልህ።»

የዳግም ሥራ ለአንድ ሰው ይከብዳል። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ያዙና እናትየውን ተከትለው ወጡ።

«ቀስ በል! ጣቴን!»

«አንቺ ነሽ የምትጎትቺው!»

ሳቃቸው መንገዱን ይዞ ራቀ። እኔ ምስማሩን በጥርሴ ነክሼ ግድግዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ።