የመሰላሉ መዝገብ

በታዴዎስ መጋዘን አንድ ሕግ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማንም ብቻውን መሰላል አይወጣም። አንድ ሠራተኛ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ታዴዎስ በሩ አጠገብ መዝገብ ሰቀለ። የወጣውም፣ መሰላሉን የያዘውም ይጻፋሉ። «ብቻውን የወጣ ነገ እንዳይመጣ!» አለ። ከዌስትላንድስ ሰፈር ጀርባ ባለው በዚያ መጋዘን ለናይሮቢ ሐበሾች በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጤፉን በየትዕዛዛቸው እያነሣን እናሽግ ነበር፣ እኔና ሙሉሸዋ።

አራት ዓመት ሙሉ እሷ ያዘች፣ እኔ ወጣሁ። የትዕዛዙን ወረቀት ከታች ጮክ ብላ ታነባለች፤ «በርበሬ ሦስት!» ስትል «ሦስት!» ብዬ አቀብላታለሁ። ከባዱን ከካርቶኑ ሥር፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋ መሀል ትከታለች። ሥራ ላይ መዝፈኗ ያናድደኝ ነበር፤ ድምፅ የላትማ! በጥር የስደተኝነት ጉዳይዋ አለቀላትና አውስትራሊያ ሄደች። ኤርፖርት አልሸኘኋትም። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። ውሸቴን ነው። ከዚያ የስልክ ካርድ ገዝቼ አንዴ ብደውል መስመሩ ተቆራረጠ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ጥበቃው አብደላ «ስትወጪ ጥሪኝ» ብሎኝ ነበር። የሞምባሳ ሰው ነው፤ በእኔ ስብርባሪ ስዋሂሊ እየሳቀ እንግባባለን። አልጠራሁትም። ብቻዬን ወጥቼ እወርድና «የያዘ» ከሚለው ሥር ሙሉሸዋ ብዬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን እጄ ለምዶ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግን አውቄ ነው። ታዴዎስ ሱቁ ስለሚውል መዝገቡን የሚገልጥ የለም። ማታ ካሳራኒ ያለችው ቤቴ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ ደግሞ ስሟን የማነሣለት ሰው የለኝም።

የስቅለት ዋዜማ ለላቪንግተን ሰፈሯ ደንበኛችን ለወይዘሮ አያልነሽ አሥር ኪሎ ጤፍ ላወርድ ወጣሁ። ከረጢቱን ስስብ መሰላሉ ከሥሬ ሸሸ። ወለሉ ላይ ተዘረርኩ፤ ከረጢቱ ተቀዶ የጤፉ ዱቄት ፊቴን ሸፈነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» የሚል አይጠፋም። ሞኟ እኔ፣ ተጋድሜ ጠበቅኩ። የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። ከቁርጭምጭሚቴ ይልቅ ያ አመመኝ።

አብደላ እየሮጠ ገባ። «ፖሌ ሳና፣ ዳዳ!»፣ አይዞሽ እህቴ ማለቱ ነው፣ እያለ ደግፎ ካርቶን ላይ አስቀመጠኝ።

ታዴዎስ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ እግሬን አየ፤ ቀጥሎ መዝገቡን ገለጠ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት።

«አስካለ፣ ሙሉሸዋ የሄደችው በጥር አይደለም እንዴ?»

«በጥር ነው።»

«ታዲያ ማን ያዘልሽ?»

«ማንም።»

ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብትሞቺብኝ ለማን ነበር የምደውለው?»

የምሰጠው ቁጥር የሙሉሸዋን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ወይ እዚህ ያለ ሰው ስም ትጽፊያለሽ፣ ወይ የመጋዘኑን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ እያነከስኩ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲመጣ መሰላሉ ሥር ብዙ ቆምኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አስረክቤ ብሄድ የት እንደምሄድ አሰብኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። «አብደላ!» ብዬ ተጣራሁ። መጣና በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ወጣሁ፤ መሰላሉ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ በአማርኛ ስለሆነ ሊያነብልኝ አይችልም፤ ዝም ብሎ ወደ ላይ ያየኛል። «ሽሮ አምስት» አልኩ ራሴው። «አምስት።»

ወርጄ ከሙሉሸዋ ስም ሥር «አብደላ» ብዬ ጻፍኩ። እንባዬ አመለጠኝ። እሱ እግሬን ያመመኝ መስሎት «ፖሌ፣ ፖሌ» ይለኛል። ሙሉሸዋን የሸኘኋት ያን ቀን ነው።