በአባባ ሽፈራው እርምጃ

በዚያ ክረምት በከተማችን ዝናብ ሲጥል፣ መኪና ሁሉ የሚሄደው ከተሳፈሩበት በዕድሜ ትልቁ ሰው በሚራመደው ልክ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሰማዩ ሲጠቁር ታክሲ ተራ ላይ መታወቂያ ይታያል፤ ሽበት ያለው በጨዋ ደንብ ይመለሳል። የኛዋ እትዬ ዘነቡ «ሠላሳ ስምንቴ ነው» ብላ ገብታ፣ ታክሲው ገና ከመነሳቱ ማነከስ ጀመረ። ጉድ እኮ ነው! ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን የጠየቃት የለም።

ዘሪሁን የሚኒባስ ሾፌር ነው። ስንዱን ከወደደ ሦስት ዓመቱ። አባቷ አቶ ደጀኔ ግን ቁርጡን ነገሩት፤ «ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ሽማግሌ ካልላክህ፣ የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ ሽማግሌዎች አስገባለሁ።»

ታዲያ ይሄ ሞኝ፣ ለክብር ይሆነኛል ብሎ የዘጠና አንድ ዓመቱን አባባ ሽፈራውን መረጠ። ጋሽ በላቸውን ጨመረላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ራሱ እየነዳ ከሾላ እንደተነሡ ዶፉ ወረደ።

መኪናው በከዘራ መሄድ ጀመረ። አንድ እርምጃ፣ ማረፍ። አንድ እርምጃ፣ ማረፍ። አንዲት ዶሮ ቀደመቻቸው።

«አባባ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉልኝ?» አለ ዘሪሁን።

«ተቀምጬ ምኑን ልፍጠን፣ ልጄ?»

«እኔ ወርጄ በእግሬ ልቅደም» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ሽማግሌ ተበታትኖ አይገባም» አሉ አባባ፤ ይህን ብለው እንቅልፍ ጣላቸው። ከዘራቸው ከእጃቸው አምልጣ በመስኮት መንገዱ ላይ ወደቀች።

ዘሪሁን አለቀልኝ አለ። የተኛ ሰው አይራመድማ! መኪናው ግን ተስፈንጥሮ ሮጠ። አባባ በህልማቸው የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆነው ይሮጡ ነበር፤ እግራቸው ወንበሩ ሥር ይወራጫል። ዶሮዋን አለፏት። የነጋዴውን ልጅ ሽማግሌዎች ጭቃ አልብሰው አለፏቸው። ለስድስት አምስት ጉዳይ የአቶ ደጀኔ በር ደረሱ፤ እሱንም አለፉት።

ፍሬኑ እምቢ አለ። ጋሽ በላቸው አባባን ነቀነቋቸው፤ ፈገግ አሉ እንጂ አልነቁም። መኪናው ሰፈሩን ዞሮ በበሩ ሲያልፍ ጋሽ በላቸው አንገታቸውን አውጥተው «ልጅዎን!» አሉ። በሁለተኛው ዙር «ለልጃችን!» አሉ።

አቶ ደጀኔ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። «መጥተዋል። ግን ሽማግሌ ቁጭ ሳይል መልስ አይሰጠውም።»

«ተቀምጠዋል እኮ፣ አባዬ» አለች ስንዱ።

«የኔ ወንበር ላይ ነዋ! ሳይቀመጡ ከመሸ ለነጋዴው ልጅ ነው።»

የነጋዴው ልጅ ሽማግሌዎችም ጭቃቸውን እያራገፉ ደርሰው አጥሩ ሥር ቆሙ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሌላው ሰፈር ሁሉ ፀሐይ ወጣ። በዚያ በር ግን ይዘንባል፤ ሚኒባሱም ይዞራል። ያኔ ስንዱ ወደ መንገዱ ማዶ አየችና ሮጣ ገብታ የአባቷን ወንበር አወጣች። አቶ ደጀኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዶፉ መሃል፣ ጭቃውን ሳትነካ ብቻዋን ቀጥ ብላ፣ የአባባ ሽፈራው ከዘራ ወደ በሩ ትመጣለች። አንድ እርምጃ፣ ማረፍ። አንድ እርምጃ፣ ማረፍ።