ዓፋፍ ያልተረጎመችው

የሽንት ማቃጠሉ ድኖልኛል ስል እየተመለሰ ዓመት አለፈው። ባለቤቴ ሙሄዲን እዚህ ዐረብ አገር፣ ዳህራን ከተማ፣ የኩባንያ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን እዚያው እያደረ ረቡዕ ማታ ደማም፣ አል ጀለዊያ ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ሆዴን ይዤ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም። ነገሩ ከምን እንደሚመጣ ልቤ ይጠረጥር ነበር። አፌ ግን አልደፈረም።

ጎረቤቴ ሸፊቃ፣ "ኾበር ከተማ አንዲት ግብፃዊት ሐኪም አለች። ሴት ናት፣ አትፈሪያት" አለችኝ።

የኔ ዐረብኛ የሱቅና የኩሽና ነው፤ የማታ የሴቶች ትምህርትም የጀመርኩት ገና በቅርቡ ነው። ስለዚህ እንደ ሁላችንም ልጄን ይዤ ሄድኩ። እዚህ ያደጉ ልጆች የወላጆቻቸው አፍ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ሲታደስም፣ አከራይ ሲቆጣም የሚናገሩልን እነሱ ናቸው። ዓፋፍ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ሐኪሟ የሽንት ምርመራውን አይታ ረጅም ነገር ተናገረች። ዓፋፍ ጣቶቿን እያፍተለተለች አዳመጠች።

"ምን አለች?"

"መድኃኒት እሰጥሻለሁ አለች፣ ኡሚ።"

"ይህን ሁሉ ያወራችው እሱን ለማለት ነው?"

"ሲያምሽ አንድ ፍሬ ዋጪ፣ ውሃ ጠጪ ነው ያለችው። ኸላስ፣ በቃ።"

ሐኪሟ እያየችኝ ራሷን ነቀነቀች። እኔም መልሼ ነቀነቅኩላት።

እንደተባልኩት ሲያመኝ አንድ ፍሬ ዋጥኩ። ቀለል ይለኛል፤ ሙሄዲን መጥቶ ሲሄድ ሕመሙ ደግሞ ይመለሳል። መድኃኒቱ ለምን እንደማይረዳኝ እያሰብኩ በዱዓዬ ላይ ዱዓ ጨመርኩ። በመጨረሻ ጎኔን ወግቶ ያዘኝ፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ።

ሸፊቃ ግንባሬን ነክታ፣ "ይሄ ኩላሊት ነው። ኩላሊትሽ ከሄደ ልጅሽን ማን ያሳድግልሻል? ነው ወይስ ለሙሄዲን ሌላ ሴት ልታስገቢለት ነው?" አለች። ቀልዷ ነው፤ እሷ ራሷ ግን አልሳቀችም።

እንደገና ከዓፋፍ ጋር ኾበር ሄድን። ሐኪሟ የመድኃኒቱን ፓኬት ተቀብላ አየችውና ዓፋፍን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄ አንገቷን ደፋች። እንባዋ በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ ተንጠባጠበ።

"ዓፋፍ፣ ያን ቀን ያልነገርሽኝ ነገር አለ?"

"አለ።"

"ምነው?"

"አፍሬ ነው። ስለ አንቺና ስለ አባ ነበር የምታወራው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእኩያዬ ለሸፊቃ እንኳ ያልተነፈስኩትን ነገር በልጄ ምላስ ላይ ጭኜው ነበር። እሷም ብቻዋን ተሸክማው ከረመች። ለካ ረቡዕ ማታ አባቷ ሲገባ ደብተሯን ሰብስባ በጊዜ በሯን የምትዘጋው ለዚህ ነው። እኔ በትምህርት ጎበዝ ሆነች ብዬ ለሸፊቃ ስኩራራባት ነበር።

"ውጪ፣ የኔ ሆድ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ዘንድ ቁጭ በይ።"

"ታዲያ ማን ይነግርሻል? አይገባሽም እኮ።"

"አይግባኝ። ውጪ።"

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሐኪሟ ቀስ ብላ ተናገረች፤ የግብፅ አነጋገሯ አሁንም አመለጠኝ። በእጇ ልታሳየኝ ስትጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል መጣልኝ። አገር ቤት ሳለሁ፣ ላገባ ስል፣ ሸሁ ባልና ሚስት ከተገናኙ በኋላ ለሶላት መታጠብ ግዴታ መሆኑን ሲያስተምሩን ያለ እፍረት ይሉት የነበረ ቃል ነው።

"ጀናባ?" አልኩ ወለሉን እያየሁ።

"አይዋ፣ አዎ" አለች ሐኪሟ። ወንበሯን አስጠግታ በጣቷ አንድ ብላ አሳየችኝ። "ከጀናባ በኋላ፣ ከትጥበቱ በፊት፣ አንድ ፍሬ።"

"ሲያመኝ?"

"ላ፣ ላ፣ አይደለም። ሳያምሽ። እንዳያምሽ።"

ሳያመኝ መድኃኒት መዋጥ ግራ ገባኝ። ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ፤ እኔም በተሰባበረ ዐረብኛዬ መለስኩላት። ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ ከመግባቱ በፊት በሩን መዝጋት ነው። አስቀድሞ ግን የአሁኑን ትኩሳት የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት መጨረስ አለብኝ። እንደገባኝ ስታይ፣ "ማሻአላህ፣ ኡም ዓፋፍ" አለችኝ፤ የዓፋፍ እናት ማለቷ ነው። አላኮራኝም። ይህን ቃል ከድሮ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ልጄን በር ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ብገባ ይበቃኝ ነበር።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ፣ እንደ ሁሉም፣ እኔን አልፎ ወደ ዓፋፍ ጎንበስ አለ። "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ይህኛው የሚወሰደው..."

ዓፋፍ ወደ ኋላዬ ሸሸች። እጄን በመሐላቸው ሰድጄ ፓኬቶቹን ወሰድኩ።

"ለእኔ ንገረኝ" አልኩት በዐረብኛ።

"የዚህኛውን አወሳሰድ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ሐኪሟ ነግራኛለች።"

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም የሰማኝ መሰለኝ።

መንገድ ላይ፣ "ኡሚ፣ ተቆጣሽ?" አለችኝ።

"አንቺን አይደለም።"

እጇን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ቦርሳዋን ወደዚያው እጇ አዛወረች። መድኃኒቱን በአባያዬ ሥር ይዤ ከጎኗ ሄድኩ።