የክንፈ ሚካኤል አርባ ሦስት ድምፅ

በሰው ልጅ ላይ ከሚወርዱት ፍርዶች ሁሉ የሚከብደው ዳኛ የሌለው ፍርድ ነው። ሌባ ሲያዝ ይቀጣል፥ ይክሳል፥ ከዚያም በኋላ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ተብሎ ወደ ደጁ ይመለሳል፤ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ሽማግሌ ገብቶ ደም ከደረቀ በኋላ ከሟች ወገን ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፤ ሕግ የፈቀደለትን፥ አዋጅ ያልከለከለውን፥ ባልንጀራም ያላወገዘውን ሥራ በክፉ ልብ የሠራ ሰው ግን ማን ከስሶት በማን ፊት ይቆማል? ከሳሹም ምስክሩም ፈራጁም ራሱ ነውና፥ ይግባኝ የሚልበት ሸንጎ በምድር ላይ አያገኝም። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ እነሆ የምንተርከው እንዲህ ባለው ፍርድ ሥር ስለ ወደቀ አንድ ሊቅ ነው፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክፉስ ቢሆን ኖሮ ኀፍረቱ ይህን ያህል ባልከበደው።

በዋርካ በር ወረዳ፥ የሕዝብ እንደራሴ በየአራት ዓመቱ ይመረጥ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ አቶ ክንፈ ሚካኤል ተድላ የሚባል ነገረ ፈጅ ነበረ። በወጣትነቱ ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ተቀኝቷል፥ ግስ አስተምሯል፤ ኋላም ጥምጥሙን ፈትቶ ወደ ፍርድ አደባባይ በገባ ጊዜ፥ ሰምና ወርቅ የለመደ አንደበቱ በሙግት ላይ እንደ ተሳለ ሰይፍ ሆነለት። ድኻ ሲበደል ያለ ዋጋ የቆመበት ቀን ብዙ ነው፤ ጉቦ የበላበት ቀን ግን አልተሰማም። ነገር ግን ይህን የመሰለ ንጹሕና ምሉእ ሰው፥ ምስጥ እንደ ገባው ምሰሶ በውስጡ የሚበላው አንድ ኅቡእ ደዌ ነበረው፤ ይኸውም ውዳሴ ከንቱ ነው። ገንዘብ አይመኝም፥ ሹመትም አይለማመጥም፤ መጠየቅን ግን ይወድዳል። ሠርግ ሲደገስ፥ ርስት ሲካፈል፥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፥ «እስቲ ክንፈ ሚካኤል ምን ይላል?» ካልተባለ፥ ያልተጠየቀው ምክር በሆዱ ውስጥ ወደ ሐሞት ይለወጥበት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ማንያህልሻል ይህን ታውቃለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ግን አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላወጣችበትም።

ታዲያ በዚያው ወረዳ ጉንዳ ጨፌ የሚባል ሰፊና ለምለም ሜዳ ነበረ፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፥ በጋ ሣር የማይጠፋበት፥ ከአባቶች ጀምሮ የስድስት አጥቢያ ከብት በወል የሚግጥበት ነው። ፊታውራሪ ደርሰህ አጎናፍር የተባሉ ባለ ብዙ ጋሻ መሬት፥ «ጨፌው ባለቤት የሌለው ጠፍ ነውና በስሜ ይመራልኝ፤ በትራክተር አርሼ አለማዋለሁ» ብለው ለመንግሥት አመለከቱ። ነገሩም ሳይቆረጥ በእንጥልጥል ሳለ የምርጫው ዘመን ደረሰና፥ ፊታውራሪ ለእንደራሴነት ተወዳደሩ፤ ከዋናው ከተማ መቀመጫ ያገኘ ሰው የጀመረውን ጉዳይ ለመፈጸም እጁ አጭር እንዳይደለ እርሳቸውም ሕዝቡም ያውቁ ነበርና። የስድስቱ አጥቢያ ሽማግሌዎችም በጽጌ ወር በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተሰብስበው፥ የሕዝቡን አቤቱታ ይዞ የሚሟገት ሰው ሲፈልጉ መምህር ታደገ እንግዳን መረጡ። ይህ ታደገ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፥ በልጅነቱ ግስ ያስቆጠረው ራሱ ክንፈ ሚካኤል ነው፤ ዛሬም ባገኘው ቍጥር «የኔታ» ብሎ ጕልበቱን ይስማል። በዚያ እሑድ ግን ክንፈ ሚካኤል ለሙግት ወደ አውራጃው ከተማ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጊዜ አጥሯቸው ሳይጠብቁት ወሰኑ፤ እርሱም በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሆን በመንገድ ካገኘው ከበቅሎ ነጋዴ ሰማ።

ቍስሉ ገና ሳይጠግግ፥ በአንድ ተዝካር ላይ የፊታውራሪ ደርሰህ ወዳጅ የሆኑት ቀኛዝማች ሙላው አጠገቡ ተቀመጡና፥ ጠላው ከተቀዳ በኋላ «ይህ አገር ምን ነካው? እንዲህ ያለ የቅኔ ባሕር፥ የሕግ መዝገብ ተቀምጦ ሳለ፥ የትናንት ተማሪው ለሕዝብ እንደራሴነት ይታጫል? እኔ የፊታውራሪ ወዳጅ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለፍትሕ ሚዛን ሲባል እርስዎ ቢቆሙ ደስ ይለኝ ነበር» አሉት። ክንፈ ሚካኤል ሞኝ አልነበረም። የሰውየው ቃል ከየት ወንዝ እንደ ተቀዳ በዚያች ቅጽበት ለይቶ ዐውቆታል፤ ነገር ግን የተጠማ ሰው ውኃው ድፍርስ መሆኑን እያየ እንደሚጠጣ፥ እያወቀ ጠጣው። በሳምንቱ ለመመዝገብ በሄደ ጊዜም የደጋፊዎቹ ስም ዝርዝር ተሞልቶ፥ በአውራ ጣት ታትሞ ቈየው፤ በዝርዝሩ ውስጥ የፊታውራሪን ጭሰኞች ስም አንድ በአንድ አየ፤ ማን አስፈረማችሁ ብሎ ሳይጠይቅ ፊርማውን ከበላያቸው አኖረ። የምርጫ ምልክቱም ብርዕ ሆነ፤ የፊታውራሪ ፈረስ፥ የታደገ ማረሻ ነበረ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ይህን በሰማች ጊዜ ፈትሏን አስቀምጣ፥ «እርስዎ እንደማያሸንፉ ያውቃሉ። ታዲያ የቆሙት ማንን ሊጥሉ ነው?» አለችው፤ እርሱም ስለ መብትና ስለ ሕገ መንግሥት ረጅምና ያማረ ንግግር ተናገረ፤ እርስዋ ግን እንዝርቷን አንሥታ መፍተሏን ቀጠለች። ምርጫው ዐሥር ቀን ሲቀረው ታደገ ራሱ መጣ። ከደጅ ጫማውን አውልቆ ገባ፥ ጕልበት ስሞ ተቀመጠና፥ «የኔታ፥ ሽማግሌዎቹ እርስዎን ሳይጠይቁ መወሰናቸው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱን እኔ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቻለሁ። የመጣሁት ግን ይውጡልኝ ለማለት አይደለም። ከፈቀዱ እኔ ልውጣና እርስዎ ይቁሙ፤ በየአጥቢያው እየዞርሁ ለብርዕ ስጡ እላለሁ። ሁለታችን ከቆምን ግን ጨፌው ይሄዳል» አለው። እንግዲህ የመዳኛ በር ከዚህ ይልቅ ሰፍቶ ለማን ተከፍቶ ያውቃል? ነገር ግን ትዕቢተኛ ልብ ከስድብ ይልቅ ችሮታ ያቈስለዋልና፥ ከተማሪው እጅ የሚቀበለው ክብር ለክንፈ ሚካኤል ምጽዋት መስሎ ታየው። «ታደገ ልጄ፥ ሕዝብ ዳኛ ነው፤ ዳኛው ሳይፈርድ ከሸንጎ የሚወጣ ጠበቃ እኔም አልሆንም፥ አንተም አትሁን» ብሎ መለሰለት። ቃሉ ሲነገር ያማረ ነበር። ታደገ ተነሥቶ ዳግመኛ ጕልበት ስሞ ወጣ።

የምርጫው ቀን በጸጥታ አለፈ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የምርጫው ሹም በወረዳው ግዛት ደጅ፥ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ወረቀቱን ገልጦ አነበበ፤ ፊታውራሪ ደርሰህ አጎናፍር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፤ መምህር ታደገ እንግዳ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሰባት፤ አቶ ክንፈ ሚካኤል ተድላ አርባ ሦስት። ልዩነቱ ዐሥራ ሰባት ድምፅ ብቻ መሆኑን ሕዝቡ ገና ሲያሰላ፥ ክንፈ ሚካኤል ከሁሉ አስቀድሞ ዐወቀው። የእርሱ ድምፆች ከማን እንደ መጡ ወዲያው ገባው፤ ከተወለደባት ከትንሿ የዑራኤል አጥቢያ ነው፤ ከጨፌው ዳር የተቀመጠች፥ ጨፌው ከተወሰደ ከብቷ የሚቆምበት ምድር የሌላት አጥቢያ ናት። ሕዝቡ ሲበታተን ከዚያች አጥቢያ የመጡት አያ ቸኮል የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አረጋዊ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡት፤ እኒህ ሰው ልጃቸው ያለ ጥፋቱ በታሰረ ጊዜ ክንፈ ሚካኤል ተሟግቶ አስፈትቶላቸው ነበር። «ክንፈ ሚካኤል ልጄ» አሉት፥ «መምህሩም ደኅና ሰው ነው። ግን ውለታህን አስበን፥ ቃላችንን ጠብቀን ሁላችን ለብርዕ ሰጠን። ከአጥቢያው አንድ ሰው አልጐደለም። እንግዲህ እኛ አላሳፈርንህም።» እርሱም ዐይናቸውን ሳያይ ጕልበታቸውን ስሞ ወደ ቤቱ አቀና።

ቤቱ ሲደርስ ከአጥሩ በር ላይ አንድ የሰባ ሙክት ታስሮ አገኘ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ከደጃፉ ቆማ፥ «ከፊታውራሪ ቤት ነው የመጣው፤ ‘ላደረጉልን ውለታ’ ብለዋል» አለች። ዐይኖቿንም ከመሬት ሳታነሣ፥ «እኔ ድምፄን ለማረሻው ሰጥቻለሁ፤ ከሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው» አለችው። ያለ በቅሎና ያለ ተከታይ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቀው ያ የተከበረ ሰው የሙክቱን ገመድ ፈትቶ በገዛ እጁ ያዘ፤ የቅዳሜ ገበያተኛ ሞልቶ በሚመላለስበት ጐዳና፥ ሙክቱ ሲያምፅ እየጐተተ፥ ነጠላው ከትከሻው ሲወድቅ እያነሣ፥ እስከ ፊታውራሪ ግቢ ድረስ በእግሩ ሄደ። ፊታውራሪ ደርሰህ አልተቈጡም፥ አልሣቁበትምም፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በጨዋ ደንብ እጅ ነሡትና፥ «አቶ ክንፈ ሚካኤል፥ እኔ የረዳኝን ሰው አልረሳም፤ ባይቀበሉትም ውለታው ውለታ ነው» አሉት። ከስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ምስጋና እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በጆሮው ውስጥ ቀረ።

ከጥምቀት በኋላ ቀያሾች መጥተው በጨፌው ላይ ችካል ተከሉ። ከብት በየገበያው ተነዳ፤ አያ ቸኮልም ስምንት ላሞቻቸውን ሸጠው አንዲት ጥጃ ብቻ አስቀሩ። መምህር ታደገ ደግሞ ምክንያቱ ሳይነገረው ወደ ሩቅ ጠረፍ አገር ተዛወረ። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ክንፈ ሚካኤል ወደ ቤቱ ሄደ፤ መጽሐፎቹን በሣጥን ሲያስገባ አገኘው። ቀድሞ ያዘጋጀው የንግግር መግቢያ ነበረው፤ ነገር ግን ተወውና፥ «ታደገ፥ ዐውቄ ነው የቆምሁት። እንደማላሸንፍም፥ ማን እንደሚጠቀምም ዐውቅ ነበር» አለው። ታደገ የያዘውን መጽሐፍ አስቀምጦ፥ «እኔም እንደሚያውቁ ዐውቅ ነበር፥ የኔታ» አለው። «ታዲያ ለምን በሰው ፊት አልተናገርህም?» «ተማሪ የመምህሩን ገበና አያወጣም።» ክንፈ ሚካኤል ይህን ሲሰማ ወደ ተማሪው እግር ሊወድቅ አለ፤ ታደገ ግን በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ከለከለውና፥ «እኔን በሚመለከተው ይቅር ብያለሁ፤ ከልቤ ነው። ጨፌው ግን የእኔ አይደለም። የሰውን ገንዘብ ይቅር ለማለት ሥልጣን የለኝም» አለው።

ስለዚህም በሚቀጥለው እሑድ ወደ ዑራኤል አጥቢያ ወረደ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ፥ ያለ ሰምና ያለ ወርቅ፥ ያለ ጥቅስና ያለ ምሳሌ፥ ከተዝካሩ ቀን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ የፈራሚዎቹን ስም ማየቱን፥ ታደገ እወጣልዎታለሁ ማለቱን፥ እርሱ ራሱ በትዕቢት እንቢ ማለቱንም አልደበቀም። ይሰድቡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ በእውነቱም ስድቡን እንደ መድኃኒት ተመኝቶት ነበር። ነገር ግን አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ወንዶቹም እርስ በርሳቸው መተያየት ፈሩ። በመጨረሻ አያ ቸኮል፥ «ይህን ባትነግረን ይሻል ነበር፥ ልጄ» አሉት። «እስከ ዛሬ የተሸነፍን መስሎን እንተኛ ነበር። ለካስ ጨፌውን በገዛ እጃችን ኖሯል የሰጠነው።» ያን ጊዜ ክንፈ ሚካኤል አዲስ ነገር ተማረ፤ ኀፍረቱን አራግፎ የሚሄድ መስሎት መጥቶ፥ ሸክሙ ከእርሱ ላይ ቅንጣት ሳይቀነስ በአርባ ሁለት ንጹሓን ሰዎች ትከሻ ላይ ደረበው። አርባ ሦስተኛው ድምፅ የራሱ ነበረና።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙግት አልያዘም። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ የጨፌውን ጉዳይ ከወረዳ ወደ አውራጃ፥ ከአውራጃ ወደ ዋናው ከተማ ይዞ ተንከራተተ፤ ጠጕሩ ሸበተ፥ ዐይኑም ደከመ። በስተመጨረሻ ያገኘው ፍርድ ከብቶቹ በጨፌው ጫፍ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት፥ ስፋቱ ዐሥራ ሁለት ክንድ የሆነ አንድ የውኃ መንገድ ብቻ ነው። አያ ቸኮል ይህን ሳያዩ አረፉ። ዳግመኛ የምርጫ ዘመን በቀረበ ጊዜ የስድስቱ አጥቢያ ሽማግሌዎች በዚህ ጊዜ ከማንም አስቀድመው ወደ እርሱ መጡ፤ «ምን ትመክረናለህ? ራስህ ብትቆምስ?» ብለው ጠየቁት። ዕድሜውን ሙሉ የናፈቀው ጥያቄ እነሆ ደጁ ድረስ መጣለት፤ እርሱ ግን እንደ ተከሳሽ አቀርቅሮ፥ «ታደገን ጥሩት፤ እኔ ከመራጮች ኋላ እቆማለሁ» አላቸው። ደብዳቤም በገዛ እጁ ጽፎ ሰደደ። ከሁለት ወር በኋላ አጭርና ትሑት መልስ መጣ፤ ታደገ በዚያ በጠረፍ አገር ትዳር ይዟል፥ ልጅ ወልዷል፥ ሁለት መቶ ተማሪዎችም አሉት፤ የኔታን ጕልበት እየሳመ፥ እንደማይመለስ አስታወቀ። ሽማግሌዎቹም ሌላ ሰው አቆሙ፤ ክንፈ ሚካኤል በምርጫው ዕለት ከዑራኤል ሰዎች ጋር በሰልፉ መጨረሻ ቆሞ፥ ተራው ሲደርስ ድምፁን ሰጥቶ፥ ማን እንዳሸነፈ ለመስማት ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘግይቶ የመጣ ትሕትና ዘግይቶ እንደ ጣለ ዝናም ነውና፤ ምድሩን ያረጥባል፥ የደረቀውን እሸት ግን አይመልስም።