ዘጠኝ ለስምንት

ኪሩቤል ዘጠኝ ቁጥሩን ኳስ ከጥግ ቀዳዳ ከተተና የፑል ስቴካውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ስድስት ለሁለት! ከአዲስ አበባ አብረውት የመጡ ደጋፊዎቹ አጨበጨቡ። የባሕር ዳር ሰው ግን ለስላሳውን እየተጎነጨ በተከፈቱት መስኮቶች በኩል ወደ ሐይቁ ማየት ጀመረ፤ በጠረጴዛው ላይ ለማየት የሚያጓጓ ነገር የቀረ አይመስልም ነበር።

ቀድሞ ዘጠኝ ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ኳሶቹ በቁጥራቸው ተራ ይመታሉ፣ ዘጠኝ ቁጥርን ያስገባ ያንን ጨዋታ ያሸንፋል፣ የሚቀጥለውንም እሱ ይከፍታል። የሳተ ይቀመጣል። ተጋጣሚው ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፍጻሜው ውድድር ከተጀመረ ወዲህ አብዛኛውን ሰዓት ተቀምጣ ነበር።

አሠልጣኟ አንዳርጋቸው ከኋላዋ ጎንበስ አለ።

«ሰብሊ፣ እጅሽ በረደ እንዴ?»

«እጄስ ደህና ነው። ጠረጴዛው ነው ያልደረሰኝ።»

«ይደርስሻል። ብቻ ሲደርስሽ መልሰሽ እንዳትሰጪው።»

ኪሩቤል ኳሶቹን በተነ። አንድን አስገባ፣ ሁለትን አስገባ፣ ሦስትንም ጨመረ። አራት ቁጥር ግን ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሶ ተወዛወዘና ቆመ። ትንሽ ስሕተት ነበረች። ሰብለ ወንጌል ተነሣች፣ የስቴካዋን ጫፍ ጠመኔ አስነካችና ጎንበስ አለች።

ሰው አንዳንድ ቀን እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። እሷም በዚያች ደቂቃ የሆነችው እንደዚያ ነው። አራትን ለማስገባት እንኳ አልተጨነቀችም፤ የምታየው ነጩ ኳስ ከዚያ በኋላ የሚቆምበትን ቦታ ነበር፣ እዚያውም ሄዶ ቆመላት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ዘጠኝ ሲገባ ድምፁ «ጧ» ብሎ ከግድግዳ ግድግዳ ተመታ። ቀጥሎ ያለውን ራሷ ከፍታ ራሷ ዘጋችው። ቀጥሎ ያለውንም። ወደ ሐይቁ ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ስድስት ለአምስት ሆኖ ልትከፍት ስትዘጋጅ በበሩ በኩል ያለው ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብድግ አለ። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ ከፊት ወለሉን እየነካካ የሚመራ መቋሚያ። ሰብለ ወንጌል ስቴካውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቷ ነበሩ።

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ብርሃኑን ከጨለማው ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አያዩም። ለሕክምና መጥተው እዚሁ ሹም አቦ ሠፈር፣ በታላቋ ልጃቸው በየብርጓል ቤት ሰንብተዋል። ሰብለ ወንጌል የባንክ ሥራዋን ትታ ክለብ ደመወዝ የሚከፍላት ፑል ተጫዋች የሆነች ጊዜ፣ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መጠጥና ቁማር ያለበት ቤት መዋልሽን ካፍሽ አልስማ» አሏት። እሷም ቃላቸውን ጠበቀች። በፋሲካውም በገናውም እየሄደች ጉልበታቸውን ትስማለች፣ የደልጊን ወሬ ታወራለች፣ ስለ ራሷ ኑሮ ግን ትንፍሽ አትልም። እሳቸውም አይጠይቋትም። ዝምታው እንደ ጣና ሰፍቶ በመካከላቸው ተኝቶ ኖረ።

ዳኛውን አስፈቀደችና ወደ በሩ ሄደች። አንገቷን ደፍታ እጃቸውን ሳመች።

«አባባ፣ እንዴት መጡ?»

«በእግሬ መጣሁ። ሩቅም አይደል።»

የብርጓል ክንዳቸውን እንደያዘች ፈጠን ብላ ተናገረች፤ «ዛሬ የት ናት ብለው ጠየቁኝ። ምን ላድርግ፣ ለአባቴ ልዋሽ? ነገርኋቸው። ‹ውሰጂኝ› አሉ፣ አመጣኋቸው።»

«አባባ፣ ቦታው ደስ ካላለዎት…»

«እኔን ተይኝ» አሉ መሪጌታ። «የያዙትን አቋርጦ ወሬ ማውራት በእኛም ቤት ነውር ነው። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ቁጣ ይሁን ፍቅር ያልለየችው ድምፅ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። አሁን ያ የመጣው ነገር ይሄዳል ብላ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ተለምኖ አይመለስም። ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። ኪሩቤል ከወንበሩ አተኩሮ ያያት ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ ያላት የልጅነቷ ማሕሌት ነው። ካህናቱ መጀመሪያ በዝግታ ይቆማሉ፤ መቋሚያው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሚቸኩል የለም። ሞቅ የሚለው በኋላ ነው፣ ከበሮው ሲገባ። እሷ በሴቶቹ በኩል ቆማ ትንሿን እግሯን ከአባቷ መቋሚያ እኩል ስታነሣ ስትጥል ታድር ነበር። አሁንም አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ክንዷን በዝግታ ወደ ኋላ ሳበች፣ ለቀቀችው።

ኳሶቹ እንደ ተደናገጠ የወፍ መንጋ ተበተኑ። ሁለቱ ገቡ። ከዚያ ወዲያ አባቷ መኖራቸው አላስፈራትም፤ ይልቁንም የምትመታለት ጆሮ ያገኘች መሰላት። ስድስት ለስድስት። ሰባት ለስድስት፣ እሷ መራች! አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፣ ዳኛው እጁን እያነሣ ዝም በሉ ብሎ ለመነ።

ግን ዕድል ጊዜዋን ጠብቃ ትቆነጥጣለች። በሚቀጥለው መክፈቻ ነጩ ኳስ ሁሉን በትኖ ሲያበቃ ራሱ ተንከባሎ ቀዳዳ ገባ። ጥፋት ነው፤ ተራው የኪሩቤል ሆነ። ኪሩቤልም የዋዛ ተጫዋች አልነበረም። ሰባት ለሰባት አደረገ፣ አፍታም ሳይቆይ ስምንት ለሰባት። አንድ ብቻ ቀረው።

ያንን አንዱንም ጀመረው። አንድንና ሁለትን አስገባ፤ ለሦስት ግን መንገድ አጣ። ጥቂት አሰበና ነጩን ለስለስ አድርጎ ገፍቶ ከስምንት ቁጥር ጀርባ ደበቀው። ለሰብለ ወንጌል ሦስት ቁጥር ከነጩ ኳስ በኩል አይታይም።

«በቃ፣ አለቀላት» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አንዳርጋቸው ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ጠረጴዛውን ዞረችው፤ ተንበርክካ በጠርዙ በኩል አየች። ሦስትን እንዲያው ብትነካው እንኳ ጥፋት አይሆንባትም ነበር፤ ነገር ግን ተራው ለኪሩቤል ይሄዳል፣ ኪሩቤል ደግሞ ዛሬ ሁለት ጊዜ አይምርም። ስለዚህ ለመንካት ሳይሆን ለማስገባት ቆረጠች። ነጩን ወደ ግራው ጠርዝ ላከችው። ከዚያ ነጥሮ የራስጌውን ጠርዝ መታ፣ በሰፊው ዞሮ መጣና ሦስትን በጎኑ ቆረጥ አደረገው። ሦስት ወደ መሐል ቀዳዳው አዘገመ። አዘገመ። ወደቀ።

ኪሩቤል ራሱ ሳያስበው አጨበጨበ።

የቀሩትን ስታስገባ ማንም አልተነፈሰም። ስምንት ለስምንት።

የመጨረሻውን ጨዋታ ከፈተች፣ ሦስት ኳስ ባንድ ጊዜ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከበሮው ገብቶ እንደሆነ ሁሉ ፈጠን ፈጠን አለች፤ ግን አንድም አልተጣደፈች። መትታ ሳትቆም ወደሚቀጥለው ትራመዳለች፣ ነጩ ቀድሟት ደርሶ ይጠብቃታል። በጸጥታው ውስጥ የአባቷ ሹክሹክታ እስከ ጠረጴዛው ተሰማ።

«ስንት ቀረ?»

«አንድ፣ አባባ። ሩቅ ነው ግን፣ ከዳር እስከ ዳር።»

«እሽ። ዝም በይ።»

ዘጠኝ ከጠረጴዛው ማዶ ከጥግ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ነጩ ከወዲህ። ሰብለ ወንጌል አገጯ ስቴካውን እስኪነካ ዝቅ አለች። ጠንከር አድርጋ አልመታችውም። ነጩ ሄደ፣ ነካው፣ ዘጠኝም ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ።

የየብርጓል እልልታ ከሁሉ ቀደመ። አንዳርጋቸው በወንበር ላይ ዘለለ፣ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። ኪሩቤል መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ፣ የመጨረሻውን የተጫወትሁት ወንበር ላይ ነው» አለ እየሳቀ። በጎጃሞች አነጋገር ሊያላግጥ ፈልጎ ነበር፣ ግን ዓይኑ ውስጥ ያለው አክብሮት ነው። «እንዲህ ስትጫወቺ ደግሞ አይቼሽ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችው።

ሰዉን እየሰነጠቀች በሩ ጋ ደረሰች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ፈለጉ፣ ጉንጯን አገኙት። ላብ ይሁን እንባ ርሶ ነበር።

«ሰማሁት» አሉ።

«ምኑን ሰሙት፣ አባባ?»

«ዝምታውን። እንዲህ ዝም ያለ ሰው ከቅዳሴ በቀር አላውቅም።» እጃቸውን ከጉንጯ አወረዱ። «ቁማርን ዛሬም አልወደውም።»

«እዚህ ቁማር የለም።»

«እሱንም ሰማሁ። ባልሰማሁት ነገር ነው ለካ ይህን ያህል የተቀየምሁ።» ቀና አሉ። «ያ ሁሉን የሚበትነው፣ የመጀመሪያው ምት፣ እሱ ግን እዚህ በር ላይ ጥርት ብሎ አይደርስም። የመንገዱ መኪና ድምፅ ይሻማል።»

መድረኩ ላይ አስተዋዋቂው ስሟን ጠራ። የክብር እንግዳው ዋንጫውን ይዘው ቆመዋል፣ ካሜራዎቹም ተደርድረዋል።

«ሂጂ ልጄ፣ ይጠሩሻል።»

አስተዋዋቂው ደግሞ ጠራት። ሰብለ ወንጌል ወደ መድረኩ ዞረችና እጇን አነሣች።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ!» አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ የአባቷን ክንድ ይዛ በሰዉ መካከል ወደ ጠረጴዛው መራቻቸው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ መዳፋቸውንም በእንጨቱ ጠርዝ ላይ አኖረችው። ኳሶቹንም ከየቀዳዳው እያወጣች አንድ በአንድ ትደረድር ጀመር።