የኢዮስያስ ድካም

አጥቂው ኢዮስያስ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚደክመው ጎሚስታውን አንዳርጌን ነበር። ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ኢዮስያስ ያኔ ከሰፈር ቡድን የመጣ ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ በባከነ ሰዓት ግብ አግብቶ ሣሩ ላይ ተዘረረ። አንዳርጌ ከተቀመጠበት ደረጃ ተነስቶ፣ እናቶች ለታመመ ልጅ እንደሚሉት፣ "ድካምህን ለእኔ ያድርገው" አለ። ኢዮስያስ ወዲያው ብድግ ብሎ እየዘለለ ሄደ። አንዳርጌን ግን ሁለት ሰዎች ደግፈው ከስታዲየም አወጡት።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለ ቁጥር አንዳርጌ ቅያሪ ሸሚዝ ይዞ ይገባል። የለበሰው ገና ከዕረፍት በፊት በላብ ይጨመቃል። ሰኞ ሰኞ ባቱ እየተኮማተረ ጎማ መፍታት ያቅተዋል። ሚስቱ አልጋነሽ እግሩን በሞቀ ውሃ እያሸች "ኳስ የሚጫወተው እሱ፣ የምትታሸው አንተ" ትለዋለች። አንዳርጌ አልተማረረም። እንዲያውም ማክሰኞ ሲያነክስ ደስ ይለው ነበር፤ ልጁ ምን ያህል እንደሮጠ በገዛ ጉልበቱ ያውቃላ።

ዘንድሮ ኢዮስያስ አዲስ ውል ፈረመ። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠራ፣ መኪናም ቀየረ። ከዚያ በኋላ አንዳርጌ መድከም አቆመ። አንድ እሑድ ሸሚዙ እንደ ደረቀ ቤቱ ገባ፤ በሚቀጥለውም እንደዚያው። በሦስተኛው እሑድ ክለቡ አራት ለባዶ ተሸንፎ፣ አንዳርጌ የስታዲየሙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ንቀት ደርሶበት አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ኢዮስያስን ልምምድ ሜዳው በር ላይ ጠበቀው።

"እሑድ አልደከመኝም" አለው።

"እግዚአብሔር ይመስገና፣ ጋሼ።"

"ምኑ ነው የሚመሰገነው? ስንት ኳስ አጠገብህ አለፈች፤ ቆመህ አየሃት። አንተን እኮ አይደክምህም። የሚደክመው እኔን ነው። ታዲያ ለምን አትሮጥም?"

ኢዮስያስ ትንሽ አሰበ። ክፉ ልጅ አልነበረም።

"ውሉ ይጫወታል ይላል እንጂ ይደክማል አይልም" አለ። "ብሮጥም ባልሮጥም ለእኔ ያው ነው። በከንቱ እርስዎን ለምን ላድክም?"

"አዝነህልኝ ነው?"

"አዎ።"

"አትዘንልኝ። እሑድ ከተሸነፍን እንወርዳለን። አባቴ ያጨበጨበለት ክለብ ነው፤ ከወረደ በእኔ ዕድሜ አይመለስም። ግደለኝ፣ ብቻ ሩጥ።"

"እሺ ጋሼ" አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

እሑድ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። አንዳርጌ ሁለት ቅያሪ ይዞ ገባ። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ክለቡ አንድ ለባዶ እየተመራ፣ ከለበሰው ሸሚዝ ላይ ገና የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም። በሰማንያ ሰባተኛው ኳስ በተከላካዮች መሀል አልፋ ባዶው ሜዳ ላይ ተንከባለለች። ኢዮስያስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አያት።

አንዳርጌ ደረጃውን ወርዶ አጥሩን ተሻገረ። ፖሊሱ መንገድ ለቀቀለት፤ ዳኛውም ፊሽካ አልነፋም። ኢዮስያስ ጋ ደርሶ ደረቱን በመዳፉ ገፋው፤ መዳፉ ግን እዚያው ቀረ። ከማልያው ሥር የሚመታ ነገር አልነበረም።

"ልብህ የት ሄደ?"

"እርስዎ ጋ ነው እንጂ ጋሼ" አለ ኢዮስያስ። "ያን ቀን ከድካሙ ጋር ወሰዱት።"

አንዳርጌ ኳሷን ተከትሎ ሮጠ። በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ በሸራ ጫማ፣ ግራሶ በጠገበ ሱሪ፣ ኢዮስያስን ከነዘር ማንዘሩ እየተሳደበ ሮጠ። ግቡ አጠገብ ሲደርስ ደረቱ ሊፈነዳ ሆነ። ከራሱ ልብ አጠገብ ሌላ ልብ የሰማው ያኔ ነው። ጤነኛ፣ የወጣት ልብ ነበር። ምሳ በልቶ እንደተኛ ሰው፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል ይመታ ነበር።